ምንም ያልተጨመረለት በቆሎ

አማታችሁን የምትወዱ ከሆነ ሳይንስ ውስጥ አታስገቧቸው። ይህን ምክር በነጻ የምለግሳችሁ በራሴ ስለደረሰ ነው። ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን በቆሎው ጥፋተኛ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በቆሎ ምስኪን ነው፤ የሰጡትን ይበላል፣ በበላው ልክ ይረዝማል። የሚያስቸግረው ዙሪያውን የቆመው ሰው ነው።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ማኅበር የሌለው ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። እድሩ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አለ፤ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚቆጥበው ቡድን አለ። አንዳንዱ ሰው የሚሰበሰብበት ከመብዛቱ የተነሳ ቤቱ የሚገባው በቃለ ጉባኤ ይመስላል። እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ታከለብኝ፤ የጓሮ ሳይንስ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር። ሥራችን ሳይንስን ከክፍልና ከቢሮ አውጥተን ተራው ሰው ጓሮ ማድረስ ነው። አባላቱ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ጡረተኞችና አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ በተዋስናት የትምህርት ቤት ክፍል፣ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጣጥፈን እንመክራለን። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። መጀመሪያ የገባሁት “ስብሰባው ላይ ቆሎ አለ” ብለውኝ ነው፤ የቆየሁት ግን ሰዎቹን ስለወደድኳቸው ነው።

ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ሮማን የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ስለኖሩ ሰው ስለራሱ በሚያወራው አይታለሉም። “ግንዛቤ ማስጨበጥ” የሚል ቃል ከተነሳ ፊታቸው ይጠቁራል።

“ሕዝቡ ስንት ግንዛቤ ይጨብጥ? እጁ ሞላ እኮ!” ይላሉ። “እኛ አንሰብክም። እናሳያለን፤ አይቶ ራሱ ይፍረድ።”

ሁለተኛው ትእዛዛቸው ደግሞ “ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ወሬ ነው” የሚል ነው።

የኔን ጉድ ያፈላችው ይህች ማነጻጸሪያ የሚሏት ነገር ናት። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ነገር ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ለአንዱ ትሰጣላችሁ፣ ለሌላው አትሰጡም፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ታያላችሁ። ያልተሰጠው ማነጻጸሪያ ይባላል። ይህንን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ግን ማነጻጸሪያው ባቄላ ነው፤ ባቄላ ደግሞ ልጁን አልዳረልኝም።

ያን ዓመት የተነሳንበት ሐሳብ ብስባሽ ነበር። ሶዶ ገበያ ላይ ተጥሎ የሚያድረው የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠልና የሸንኮራ ገለባ ጉድጓድ ገብቶ በወጉ ቢብላላ አፈር የሚያጠግብ ማዳበሪያ ይወጣዋል። ከተማው ይጸዳል፣ ገጠሩ ያመርታል፤ ገበሬውም ነጋዴ ደጅ መጥናቱ ይቀንስለታል። አንድ አባላችን ጓሯቸውን ፈቅደውልን ጉድጓድ ቆፈርን፣ ሞላን፣ አገላበጥን። ያን ሰሞን ጎረቤቶቻቸው ሰላም የሚሉን የነፋሱን አቅጣጫ እያዩ ነበር። ብስባሹ ደርሶ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ አፈር ሲሆን ወይዘሮ ሮማን እፍኝ አንስተው አሸተቱና “ይሄ ነው” አሉ። ከዚያም የት እንደሚሞከር ጠየቁ።

አፌ ቀደመኝ። “የባለቤቴ ቤተሰቦች በዴሳ አጠገብ ናቸው፤ ሰፈሩ ያውቀኛል” አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለካ ለኔ ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች ፈቀዱልን። አንዷ አማቴ እማማ ዘነበች ናቸው። ባልቴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ተበትነው ብቻቸውን ይኖራሉ። በሰፈሩ የሚታወቁት በጸሎታቸው ነው። የታመመ ያለበት፣ ልጁ ፈተና የሚቀመጥበት፣ ላሙ የጠፋችበት ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሳቸውን በር ነው። እኔን “ልጄ” እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ያደግኩት ከተማ ስለሆነ የኔ ወላይታቶ የገበያ ነው፤ የሳቸው አማርኛ ደግሞ የቀበሌ ነው፤ መሐል ላይ እንገናኛለን። ሁለተኛው ከአጥራቸው ማዶ ያሉት አቶ ባሳ ናቸው፤ ሳቃቸው ከራሳቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ጉራቸው የማያስከፋ ሰው ናቸው። ሁለቱ ጓሮዎች አንድ ተዳፋት ላይ ናቸው፤ አንድ ዝናብ ይዘንብባቸዋል፤ አንዲት ሌባ ፍየልም በየተራ ትገባባቸዋለች። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

ዕቅዱ እያንዳንዱን ጓሮ በሲባጎ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብስባሽ ማልበስ፣ ግማሹን ባዶ መተው ነበር። ሁሉም ሁለቱንም ያያል፤ ማንም አይጎዳም። ይህች ሲባጎ ባትጠፋ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

ብስባሹን በከረጢት ሞልቼ፣ በዚያችው ሲባጎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስሬ ወደ በዴሳ ተነሳሁ። ከከተማ እንደወጣን ዝናቡ መጣ። በጣሪያ በኩል ቡናማ ጠብታ እየወረደ በመስኮት መግባት ጀመረ። መስኮቱ ሥር ነጭ ሸሚዝና ኮት የለበሱ አንድ አባወራ ተቀምጠዋል፤ ለካ ለሽምግልና የሚሄዱ ኖረዋል፤ ሴት ልጅ ሊጠይቁ። አሸተቱ። ግራ ቀኝ አዩ። “ጥጃ ተጭኗል እንዴ?” አሉ። እኔ ሳይንስ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው። እሳቸው የመለሱልኝን እዚህ አልጽፈውም። ቦታው ስንደርስ ሾፌሩ ከረጢቱን ሁሉ መሬት ላይ ወርውሮልኝ፣ ሲባጎውን ጣሪያው ላይ እንደታሰረ ይዞት ሄደ።

ለወይዘሮ ሮማን ደወልኩ።

“ሲባጎ የለኝም” አልኩ።

“ታዲያ አንዱ ጓሮ ሙሉ ብስባሽ ይግባበት፣ ሌላው ባዶ ይሁን። ማን እንደሚያገኝ ግን አንተ እንዳትመርጥ! ዕጣ አውጣ። ዕጣ አድልዎ የለበትም፤ እሱ ራሱ ሳይንስ ነው።”

ይህንን ስሰማ ደስ አለኝ። በአማቴና በጎረቤታቸው መካከል ከመምረጥ ዕጣ ይሻላል ብዬ እኮ ነው። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አላሰብንም። እዚያ ሰፈር ያለ ጸሎት የሚጀመር ሥራ የለም። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ማቴዎስ ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ አገልጋይ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሁለቱን የተጠቀለሉ ወረቀቶች ጨመሩበትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“የሰውን ሁሉ ልብ የምታውቅ ጌታ ሆይ፣ የወደድከውን አንተ ራስህ አሳየን!”

“አሜን!” አለ ሰፈሩ። እኔም በዚያች ሰዓት፣ ልብ በሉልኝ፣ አሜን ብያለሁ።

አቶ ባሳ አወጡ፤ ብስባሽ። እማማ አወጡ። ወረቀቱን ለኔ ሰጥተው “አንብብልኝ፣ ልጄ” አሉ።

“ማነጻጸሪያ” ብዬ አነበብኩ።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ምንም አይጨመርም ማለት ነው።”

“ለምን?”

“እንድናይ።”

“ምን ልታዩ?”

“ምንም ሳይጨመር የሚሆነውን።”

ባርኔጣውን አዩ። ሰማዩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። እኔ የዕድል ጉዳይ ነው እያልኩ ባስረዳም የሚሰማኝ አልነበረም። ወደድኩም ጠላሁም፣ በጸሎት በተከፈተ ዕጣ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ለሰው ሁሉ የሚጸልዩት ሴትዮ “ምንም” ወጣባቸው። ለነሱ ይህ ሙከራ አልነበረም፤ ፍርድ ነበር። እማማ ወረቀቱን አጣጥፈው መሀረባቸው ውስጥ ቋጠሩትና “እሺ፣ መምህር” አሉኝ። ከ“ልጄ” ወደ “መምህር” የወረድኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

ዞር ብዬ እንደገና ደወልኩ። ዕጣው ይደገም አልኩ።

“የማትወደው ሲወጣ የምትደግመው ዕጣ ዕጣ አይደለም” አሉ ወይዘሮ ሮማን። “ደግሞ አደራ! እዚያ ማሳ ላይ አንዲት እፍኝ ነገር እንዳትጨመር። አንድ እፍኝ ከገባ ሙከራችን ሞተ።”

አደራውን ተቀበልኩ። አደራ ስቀበል ደግሞ ሞኝ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው ነው የምጠብቀው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መለኪያ ዱላዬን ይዤ እሄድ ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን የሆነው መጽሐፉ እንደሚለው ነው። የአቶ ባሳ በቆሎ ወፍራም፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። የእማማ ዘነበች ሳሳ፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ቢጫ አለ። እንደ ባለሙያ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀና ስል ግን እማማ በራፋቸው ላይ ቆመው በቆሏቸውን ያዩታል። “በቆሎ እኮ ልጅ ነች፤ ትራባለች” ይላሉ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። እኔ ዱላዬን አቅፌ ወደ አቶ ባሳ ጓሮ እሻገራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ለምሳ ጠሩን፤ እኔን፣ አቶ ባሳንና ወንጌላዊውን። ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ ቀረበ። ለአቶ ባሳ የሚለበልብ ዳጣና ቅቤ በጎኑ። ለወንጌላዊው ዳጣና ቅቤ በጎኑ። ለኔ ጎደሬው ብቻውን፣ ጨው እንኳ ያልነካው።

“መምህር፣ ይብሉ” አሉ እማማ፤ አንቱታው ራሱ ይቆነጥጣል። “የርስዎ ማነጻጸሪያ ነው።”

ወንጌላዊው ትን አላቸው። አቶ ባሳ የሳቁት ሳቅ አጥር ተሻግሮ ፍየሏን አስበረገጋት። እኔ በላሁ። ያለ ዳጣ የተበላ ጎደሬ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ምን ሠራህ ብሎ ይጠይቃል።

ወሬው በዴሳ ገበያ ገባ። ወሬ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ እግረኛ ነው። ከከተማዋ ወደ ሰፈሩ ሞተር ሳይክል ስሳፈር ነጂው ጨዋታ ጀመረልኝ።

“ጋሼ፣ ሰምተዋል? እዚህ ሰፈር አንድ ጉደኛ አማች አለ። ከሶዶ ድረስ ማዳበሪያ ጭኖ መጥቶ ለጎረቤት ሰጠና አማቱን ከለከለ።”

“ለምን ይሆን?” አልኩ።

“በቆሏቸው ሲደርቅ ሊያይ!”

“ውሸት ይሆናላ።”

“እንዴት ውሸት! በየቅዳሜው ይመጣል እኮ። ምን ያህል እንደቀጨጨ በዱላ ይለካል አሉ። ሰው እንዲህ ይጨክናል?”

“ይገርማል” አልኩ። መለኪያ ዱላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ልጁ በመስታወቱ ዱላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሞተሩን አስፈንጥሮ ደጃፍ ላይ አራገፈኝ።

ቤት ስመለስ ደግሞ ባለቤቴ ማርታ አለች።

“እማዬ ደውላ ነበር” ትለኛለች።

“ምን አሉ?”

“ምንም።”

ያን ሰሞን “ምንም” የሚባለው ቃል በቤታችን እንደ እንግዳ ተቀመጠ፤ አብሮን በላ፣ አብሮን ተኛ። እሷ ደግሞ እናቷን በየሳምንቱ መጠየቅ ማብዛቷ ገረመኝ። እኔ ሳስተምር በምውልበት ቀን፣ በጨርቅ የተሸፈነ ከባድ ቅርጫት ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከጨርቁ ሥር የዶሮ ላባ ብቅ ብሎ አይቻለሁ። እኔ ሙያዬ ማስተዋል ነው፤ ላባውን አስተዋልኩት፤ ምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቅኩም።

አቶ ባሳም ተለወጡ። ጉራቸው ቀነሰ። በቆሏቸውን ሳመሰግን “ተወው እባክህ” እያሉ ወሬ ያስቀይሳሉ። ወንጌላዊው በማነጻጸሪያው በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ ይደብቃሉ። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ነገር አለ። ለዚህም የሰጠሁት ሳይንሳዊ ማብራሪያ አገልጋይም እጁ ይቆሽሻል የሚል ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ተፈትኛለሁ። አንድ ቀን እማማ በሌሉበት ማሳው ዳር ብቻዬን ቆምኩ። ከአቶ ባሳ የተረፈ ብስባሽ አጥሩ ሥር ተከምሯል። አንድ እፍኝ ብወረውር ማን ያየኛል? እጄ ተዘረጋ። የወይዘሮ ሮማን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ አንድ እፍኝ ከገባ ሙከራችን ሞተ! እጄን ሰበሰብኩ። በዚያች ቀን በራሴ የኮራሁትን ያህል በዕድሜዬ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ በቆሎው መነሳት ጀመረ።

የቱ በሉኝ። ማነጻጸሪያው! አንድ ቅዳሜ ስመጣ ቢጫው ጠፍቷል። በሌላው ስመጣ የአቶ ባሳን ደረሰበት። ክረምቱ ሲገባ ማነጻጸሪያው አቶ ባሳን አልፎ፣ እኔን አልፎ፣ መለኪያ ዱላዬን አልፎ ሄደ። አገዳው እንደ ሸንኮራ፣ ቅጠሉ ጨለማ የመሰለ አረንጓዴ። መጀመሪያ ዱላውን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ዓይኔን። ከዚያ ከመሬት በታች የተደበቀ ምንጭ አለ ብዬ ግማሽ ቀን በጉልበቴ እየዳህኩ አፈር ሳሸት ዋልኩ። ማሽተቱ አልጠቀመኝም፤ ብስባሹ ከመጣ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሸታል።

“እማማ፣ የጨመሩት ነገር አለ?” ብዬ ጠየቅኩ።

“ምንም!” አሉ። ዓይናቸው ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አያይላቸውም፤ ፊታቸው ግን እንደ ድሮው በርቷል። “ጌታ ያውቃል፣ አንድ እፍኝ አልጨመርኩም።”

እሳቸው አይዋሹም። ለወይዘሮ ሮማን ደወልኩ። ይጮሁብኛል ስል አልጮኹም። “ሳይንስ ያመጣውን መቀበል ነው” ብለው ስልኩን ዘጉት። እኚህ ሴትዮ አሟቸው ይሆን ብዬ ተጨነቅኩ።

የማይቀረው የመስክ ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ወጣ። ከዙሪያው ቀበሌ ገበሬዎች መጡ፤ የወረዳው የግብርና ባለሙያም መጡ። ወይዘሮ ሮማንና የማኅበራችን ሰዎች ከሶዶ መጡ፤ ማርታም አብራ መጣች። ሕዝቡ ብስባሽ ይጠቅም እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ ነው የተጠራው። ከጠቀመ በየሰፈሩ ጉድጓድ ይቆፈራል። ካልጠቀመ የሶዶ ገበያ ልጣጭ እዚያው ይበስብሳል፤ የኛም ድካም አብሮት።

ድምፅ ማጉያውን ጨብጬ ቆምኩ። የግብርና ባለሙያው ሁለቱን ማሳ አዩና “ደስ ይላል! ብስባሽ የገባበት ይሄ ትልቁ ነው?” አሉ።

“አይ” አልኩ። “ትንሹ ነው።”

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንድ ሰው “እንግዲያው ብስባሹን መልሳችሁ ውሰዱልን!” አለ። ያን ጊዜ እማማ ዘነበች ከመቀመጫቸው ተነሱ። መሀረባቸውን ፈትተው ያቺን የዕጣ ወረቀት አወጡ።

“መመስከር እፈልጋለሁ” አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

“ይቺ ዕጣ ስትወጣ ጌታ በሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያዞረብኝ መሰለኝ። ለሰው የምጸልየው በምን አፌ ነው ብዬ ለብቻዬ አለቀስኩ። ማንም ሲመጣ በሬን ለመክፈት አፈርኩ። ሳይንሷ ዘለለችኝ። አማቼ ዘለለኝ። ጌታ ግን አልዘለለኝም! እዩዋት በቆሎዬን። ምንም አልተጨመረላትም!”

“ሃሌ ሉያ!” አለ ከሩቅ የመጣው ሰው ሁሉ። የሰፈሩ ሰው ግን መሬት መሬት ያያል። እኔ ድምፅ ማጉያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንድ ሰው አንድ ነገር ጨምሯል ብል የእማማን ደስታ በአደባባይ ልነጥቃቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ ይህ ሁሉ ሕዝብ ብስባሽ ከንቱ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፤ በአንድ ወገን ሳይንስ፣ በሌላ ወገን አማት።

ወንጌላዊ ማቴዎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ድምፅ በዚያ ቀን ለአንድ ሰው እንኳ አልበቃም።

“እማማ፣ እውነት ባልሆነ ምስክርነት ላይ አሜን ማለት አልችልም። እበት አምጥተናል። የሴቶች ኅብረት ነው የተሸከመው፤ የቀበርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ገበያ ሲወጡ ጠብቀን።”

አቶ ባሳ ተነሱ።

“እኔም አለሁበት። ከብስባሼ ግማሹን በአጥሩ ሥር አሻግሬዋለሁ። የኔ በቆሎ ያጠረውም ለዚሁ ነው፤ መምህሩ አይሳቅበት። የሴትዮዋ በቆሎ ሲቀጭጭ እያየሁ ብቻዬን ልጥገብ? ባለቤቴ ያበሰለችው እህል እንኳ አልወርድ አለኝ።”

“እኔ የዶሮ ኩስ” አለች ማርታ፣ ዓይኗን ከኔ ሰውራ። “በቅርጫት።”

ላባው! ለካ ላባው!

ሰው ሲጨንቀው አለቃውን ያያል። ወደ ወይዘሮ ሮማን ዞርኩ። በዚህ ሥርዓት አልበኛ ሰፈር መካከል ሕግ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ሮማን መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

“አመድ” አሉ።

“ምን አሉ?”

“በመሐል አንድ ቀን መጥቼ ነበር፣ አንተ ሳታውቅ፤ ልቆጣጠርህ። ታዲያ የሰው ቤት ባዶ እጄን ልግባ? ስኳር ፈልጌ ከሱቅ አጣሁ። ቤቴ አንድ ከረጢት የምድጃ አመድ ነበረ። እርሳቸውን ከቤት አጣኋቸው፤ ተሸክሜው ልመለስ ነው እንዴ? ማሳው ላይ ደፋሁት።”

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የኛን ሙከራ የገደለው ያ ጌጥ ነው። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እማማ ዘነበች ግን አልሳቁም። አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ወንጌላዊውን፣ አቶ ባሳን፣ ልጃቸውን፣ ወይዘሮ ሮማንን። አዘኑ ብዬ ፈራሁ።

“እኔ እኮ ጌታ አንድ መልአክ የላከልኝ መስሎኝ ነበር” አሉ። “ይሄ ሁሉ ሰው ነው እንዴ የተላከው?” እንባቸውን በዕጣ ወረቀቷ ጠረጉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ድንኳኑ መሐል፣ ወደኔ ዞረ።

“እርስዎስ፣ መምህር?”

“እኔ?”

“ሁሉም አምጥቷል። እርስዎ ምን አመጡ?”

እናንተዬ! በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሕጉን ያከበርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አደራዬን አልበላሁም። እጄ ተዘርግታ ሰብስቤያታለሁ። ይህንን ሁሉ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። የወጣችው ግን አንዲት ቃል ናት፤ እሷም በድምፅ ማጉያው።

“ምንም።”

“ውይ!” አለ ድንኳኑ በአንድ አፍ። ከኋላ ያ የሞተር ሳይክል ነጂ “አላልኳችሁም? እሱ ነው!” ሲል ሰማሁት። ያን ጊዜ ለራሴ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

“እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። “እርስዎ አልነበሩም። ማነጻጸሪያው እኔ ነበርኩ።”

ወይዘሮ ሮማን ድምፅ ማጉያውን ቀሙኝ። “ያያችሁት የብስባሽ፣ የእበት፣ የኩስና የአመድ ድምር ነው!” አሉ። “ይህ ሁሉ በየደጃችሁ ነበረ። ለመሬት ለመስጠት ግን አንድ ሰው እስኪያሳዝናችሁ ጠበቃችሁ። ከዛሬ ጀምሮ የገዛ ማሳችሁ ያሳዝናችሁ!” ሳቁ ገና ሳያልቅ ገበሬዎቹ የጉድጓዱን ጥልቀት መጠየቅ ጀመሩ። የግብርና ባለሙያው ስለ አመዱ፣ ሴቶቹ ስለ ሽታው ጠየቁ። እኔ ማንም አልጠየቀኝም። ጥግ ይዤ ቀጣዩን ሲባጎ በኪሴ ይዤ ለመምጣት ለራሴ ማልኩ።

በቆሎው እሸት ተቆርጦ ፍም ላይ ተደረደረ። ለሰው ሁሉ ታደለ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፤ ድርሻዬን አውቃለሁ። እማማ ግን ትልቁን መርጠው ይዘው መጡ፤ ቅቤ የተቀባ፣ ዳጣ በጎኑ።

“ብላ፣ ልጄ” አሉኝ።

“ልጄ” ሲሉኝ በቆሎውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እሳቸው ቀና ሳይሉ አንድ ከረጢት ሙሉ እሸት እግሬ ሥር አኖሩ፤ ከላዩ ላይ የቅቤ ቅል ጨመሩበት። ወይዘሮ ሮማን ከማዶ አይተው ጮኹ።

“ኧረ እማማ፣ ይተዉት! አንድ ያልተነካ ማነጻጸሪያ አገኘሁ ስል እሱንም ሊያበላሹብኝ ነው?”

እማማ ከረጢቱ ላይ አንድ እሸት ደገሙበት።

“እኛ ሰፈር” አሉ፣ “ምንም ያልተጨመረለትን እያየን ዝም አንልም።”